የእትዬ አባይነሽ ኬላ

ስለ እትዬ አባይነሽ አግማስ እኔ መጻፌ ራሱ ድፍረት ነው። የሳቸውን ታሪክ መጻፍ የነበረበት ፊታቸውን ቀና ብሎ ማየት የሚችል ሰው ነው። እኔ አልችልም። ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብዬ ብጠብቅ ግን ማንም አይነሳም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ስንት የትራንዚት ድርጅት አለ፣ በየድርጅቱም ጸሐፊ አለች፤ ስለ ጸሐፊ ማን ይጽፋል? ስለዚህ እጽፋለሁ። ስሜ ሙንዚር ነው፤ የጉምሩክ ሰነድ አዘጋጅ ነኝ፣ ወይም ነበርኩ። ከሳቸው ጋር አምስት ዓመት በአንድ ቢሮ ሠርቻለሁ። የቀረውን እየሄድኩ እናገራለሁ፤ አሁኑኑ ብናገረው ማንበብ ትተዉታላችሁ።

እትዬ አባይነሽ የተወለዱት ደሴ ዙሪያ፣ ድንችና ጎመን ለከተማ ከሚያወርዱ ገበሬዎች ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ደሴ አክስታቸው ዘንድ መጡና ፒያሳ አካባቢ የታይፕ ማሠልጠኛ ገቡ። "ዓይናችንን በሻሽ አስረው ነው ያስተማሩን" ይሉ ነበር። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው፣ ታይፕራይተራቸውን የሳሙና ሳጥን ላይ አስቀምጠው፣ የሰው አቤቱታ ሲጽፉ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። የመሬት ክርክር የያዘው፣ ባሏ የከዳት፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሳቸውም የለቅሶውን መጨረሻ ጠብቀው "እሺ፣ ጉዳዩ ምን ይባል?" ይላሉ። የሰውን መከራ በአንድ መስመር ማስፈር እዚያ ነው የተማርኩት ብለውኛል።

ድርጅታችን ኮምቦልቻ ላይ ሲከፈት ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። ኮምፒውተሩንም እንደ ታይፕራይተር ይደበድቡት ነበር። መስመር በጨረሱ ቁጥር ግራ እጃቸው ብድግ ብሎ የሌለውን እጀታ ሊገፋ ይሞክራል። እኛ እንስቃለን። "ሳቁ፣ ሳቁ" ይላሉ፣ "እጅ ያደገበትን አይረሳም።"

ሁለታችንም የምንኖረው ደሴ ነው። ጠዋት በሰርቪስ እንወርዳለን። ደሴን በጉም ውስጥ ትተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንያያዘው ሁሉም ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ቆላ ነው። እሳቸው ሁለተኛው ረድፍ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ እኔ አጠገባቸው። ብዙ ነገር ያጫወቱኝ እዚያ መንገድ ላይ ነው። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ለሚመጣው ነገር ያስፈልጋል።

አባታቸው አቶ አግማስ አንድ ጊዜ ከገበያ በሬ ገዝተው ወደ ቤት ሲነዱ አንድ የቢስቲማ ሰው መንገድ ላይ አስቆማቸው። "ይህ በሬ ከቤቴ የተሰረቀ ነው" አለ። ምልክት የለው፣ ምስክር የለው። ሰውዬው ብቻ "ወላሂ የኔ ነው" አለ። አቶ አግማስ ገመዱን አስረከቡት። ቤት ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ሚስታቸው ጮኸች፣ ልጆቹ አለቀሱ። እሳቸው ግን "እስላም ወላሂ ብሎ ከዋሸ ዕዳው የራሱ ነው። እኔ ግን ወላሂን ከተጠራጠርኩ ከማን ጋር ልኖር ነው?" ብለው ተኙ። በሁለተኛው ወር ሰውዬው ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ሌባው ተይዞ ስለነበር፣ አቶ አግማስ በገበያ ለበሬው የከፈሉትን ብር አስመልሶ አመጣላቸው። እትዬ አባይነሽ ይህን ሲጨርሱ ሁልጊዜ በኩራት ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ የኔ ሃይማኖት ነው የተመሰገነው፣ ምን ይከፋኛል?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የቢሯችን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ሞቱ። ድርጅቱ አዲስ መግዛት ሲገባው "የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ" አለ። ይዘን መጣን። ከመጣን በኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ወረደ፦ በግል ኮምፒውተሩ የድርጅቱን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ድርጅቱ የገዛውን አንቲቫይረስ የማስጫን ግዴታ አለበት። ምንይሉ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጣና ላፕቶፖቻችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቦ እየዞረ ጫነ። ማያ ገጹ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣች። "ፍላሽ ስትሰኩ ተፈትሾ ሳያልቅ አይከፈትም" አለን። "የግድ ከሆነ ለአሥር ደቂቃ ማቆም ይቻላል። ግን ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ማሽን እንዳቆመ እኛ ጋ ይመዘገባል።"

እኛ አገር አንቲቫይረስ የሚፈራው እንደ ቫይረሱ ነው። ፍላሽ ከፎቶ ቤት ሰርግ ቤት፣ ከሰርግ ቤት መድረሳ እየዞረ በሽታ ያልያዘው የለም። አንቲቫይረሱ በሽታውን ሲጠርግ የሰርጉን ፎቶ አብሮ ይጠርገዋል። "ፋይል በላብኝ" የማይል ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት የሚያጠፋው አንቲቫይረሱን ነው። ጠባቂውን አባርሮ እንግዳ ማስገባት ማለት ነው፤ ግን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

እትዬ አባይነሽ ግን አንድ ቀንም አላደረጉትም። ላፕቶፓቸውን ከአሮጌ ነጠላ በሰፉት ከረጢት እየያዙ ይመጣሉ፣ ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚያዩት አረንጓዴዋን ምልክት ነው። "ደህና አደረች" ይላሉ። የቢሮው ማተሚያ የተገናኘው ከሳቸው ማሽን ጋር ስለነበር ሁላችንም ፍላሽ ይዘን እሳቸው ጋ እንሰለፋለን። ሥራ አስኪያጁ ይሁን ተላላኪው፣ "ይቆይ፣ ይፈተሽ" ነው መልሳቸው። እኔ ነኝ "ኬላ" ብዬ ስም ያወጣሁላቸው። ስሙ ያዘ። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ "ኬላዋ አሳለፈችህ?" ይባባሉ ጀመር።

እኔስ? እኔ ምንይሉ በመጣበት ቀን የራሴን ላፕቶፕ አላመጣሁም። የታላቅ ወንድሜን፣ ማጠፊያው ተሰብሮ መደርደሪያ ላይ የተጣለውን ይዤ ሄድኩ። እሱ ላይ ተጫነ፣ እሱ ላይ አረንጓዴዋ በራች፣ ስሜ "ያስጫኑ" ዝርዝር ውስጥ ገባ። በማግስቱ የራሴን ይዤ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምክንያት አላጣሁም። ላፕቶፑ የኔ ነው፣ በላቤ የገዛሁት፤ ውስጡ የእናቴ የሕክምና ወረቀት አለ፣ የእጮኛዬ ፎቶ አለ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ምን ቤት ነው? ይህን ሁሉ ለራሴ አልኩ። ዛሬም ግማሹ እውነት ይመስለኛል። ግን እውነት ከሆነ ምንይሉ ፊት ቆሜ "አላስጭንም" ማለት ነበረብኝ። የተሰበረ ላፕቶፕ ብብቴ ሥር ሸጉጬ መሄድ የሌባ ሥራ ነው።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ሸህ ጀላል ሞቱ። የቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ሽማግሌዎች የሸሁን ዱዓና መንዙማ የያዘ ፍላሽ አምጥተው "ሙንዚር፣ አንተ የኮምፒውተር ልጅ ነህ፤ ለየቤቱ አባዛልን" አሉኝ። ፍላሹ ስንት ማሽን እንደዞረ አላህ ይወቀው። በሽማግሌ ፊት "በሽታ ይኖርበታል፣ አልነካውም" ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሰካሁት፣ ገለበጥኩት፣ ለየቤቱ አደልኩ። መረቁኝ። አንዱን ቅጂ ለራሴ የሥራ ሰነድ በምይዝበት ፍላሽ ላይ አኖርኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ለምሳ ልንወጣ ስንል፣ አንድ የጭነት መኪና ደረቅ ወደቡ በር ላይ ቆሞ የኔን ሰነድ ይጠብቃል። ሾፌሩ በየደቂቃው ይደውላል። ፍላሼን ይዤ እትዬ አባይነሽ ጋ ሮጥኩ።

"ይቆይ፣ ይፈተሽ" አሉ። ሰኩት። መንዙማው ብዙ ስለሆነ ፍተሻው አልሄድ አለ።

"እትዬ፣ ሰውዬው በፀሐይ እየተቃጠለ ነው። አቁሙትና አትሙልኝ።"

"ሙንዚር፣ ታውቀኛለህ እኮ።"

"ትናንት ቤቴ ፈትሼዋለሁ፣ ንጹህ ነው።"

"በየትኛው? ባንተው አንቲቫይረስ?"

"አዎ። ወላሂ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ወላሂ አልክ?"

እኛ የዛሬ ልጆች ወላሂን በየወሬያችን መሃል እንደ ነጠላ ሰረዝ ጣል እናደርጋታለን። እሳቸው ግን የጠየቁኝ የአባታቸውን በሬ እያሰቡ ነበር። አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው "ወላሂ" ያልኩት፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል።

ፍተሻውን ለአሥር ደቂቃ አቆሙት። አረንጓዴዋ ግራጫ ሆነች። ሰነዱ ታተመ፣ መኪናው ወጣ፣ እኔም ምሳዬን በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮው የጋራ ፋይሎች አንዳቸውም አልከፈት አሉ። ስማቸው ሁሉ ተቀይሮ ማንም የማያነበው ፊደልና ቁጥር ሆኗል። መኪኖች ደረቅ ወደቡ ላይ ተደረደሩ፣ ባለ ዕቃዎች እየጮኹ መጡ። ምንይሉ ከአዲስ አበባ ሲደርስ በእጁ አንድ ወረቀት ይዞ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማሽኑ፣ ከዚያም "አባይነሽ አግማስ፤ ጥበቃው ለአሥር ደቂቃ እንዲቆም ተደርጓል" ይላል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ በላቸው ሁላችንንም ቢሯቸው ሰበሰቡን።

"እርስዎ ነዎት ያቆሙት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ሰው አምኜ።"

"የማን ፍላሽ ነው?"

እትዬ አባይነሽ እኔን አላዩም። እጃቸውን ነው የሚያዩት። "ባለቤቱ እዚሁ አለ" አሉ። "አፍ አለው።"

  በመስኮቱ የአንድ ክሬን አናት ይታይ ነበር፤ እሱን አየሁ። አሁን እናገራለሁ አልኩ። አሁን። ትንሽ ቆይቼ። ከዚያ ምንይሉ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ቢያንስ ሌሎቻችሁ መመሪያውን አክብራችኋል፤ እንደነ ሙንዚር ያሉት በመጀመሪያው ቀን ነው ያስጫኑት" አለ። እግዜር ይስጥህ በል እንግዲህ! ምስጋናው አፌ ላይ ቁልፍ ሆነ። ስብሰባው ተበተነ። በሳምንቱ እትዬ አባይነሽ ተሰናበቱ፤ ወረቀታቸው ላይ "በከባድ ቸልተኝነት" የሚል አለበት። እንደዚያ ያለ ወረቀት ይዞ ሌላ ድርጅት የሚቀጥረው የለም።

ሰርቪሱ ውስጥ ቦታቸው ባዶ ሆነ። ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም። ከዚያ የሰው ቦርሳ መቀመጫ ሆነ፣ ከዚያ ሰው ተቀመጠበት። እኔ ወደ ኋለኛው ረድፍ ሄድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል፤ የኔ እውነት ሁለት ወር አድሮም አልጠራም። እውነት በራሱ አይጠራም፣ የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል።

በሐሰት ለማለ ሰው ከፋራ አለ። አሥር ድሃ ማብላት ነው፣ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ማብላት እችል ነበር፤ ግን አሥር ድሃ ቤት ሲጠራ እናቴ "ለምን?" ትላለች። ስለዚህ ጾምኩ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ንስሐዬንም ደብቄ። በሁለተኛው ቀን እናቴ ፈትሂያ ቁርሴን ስመልስ አየችኝ።

"ማክሰኞ ነው" አለች። "የሱና ጾም እንዳልል ሰኞ አይደል፣ ሐሙስ አይደል። ከፋራ የሚያስጾም ምን ነገር አጥፍተህ ነው?"

ለእናት አይዋሽም፤ ዋሽቼ ዋሽቼ ደከመኝም። ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ቁርሱን መልሳ ፊቴ አኖረችው።

"ብላ" አለችኝ። "የአላህን ሐቅ በጾም ታወጣው ይሆናል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለህ በዱንያም በአኺራም አንገትህ ላይ ነው። ያቺ ሴትዮ አንተን አምና እንጀራዋን አጣች። አንተ እዚህ ሆድህን ታስርባለህ። ምን ያደርግላታል?"

ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሄድኩ። እዚያው ነበሩ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ከነበሩበት ብዙም ሳይርቁ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። የሳሙናው ሳጥን በፕላስቲክ ጠረጴዛ ተተክቷል፣ ታይፕራይተሩም በላፕቶፑና በትንሽ ማተሚያ፤ ማያ ገጹ ጥግ ላይ በራሳቸው ብር ያስጫኑት አዲስ አንቲቫይረስ ምልክት ይበራል። ፊታቸው ያለችው በርጩማ ላይ ባለጉዳይ እንደሚቀመጠው ተቀመጥኩ። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ" አልኩ። ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ።

ጠበቁኝ። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ለቅሶዬን እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ አዲስ ገጽ ከፈቱና ጣታቸውን ፊደሎቹ ላይ አሳረፉ።

"እሺ፣ ጉዳዩ ምን ይባል?"

መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። "ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ" አልኩ።

"ከማን? ከድርጅቱ?" አሉ፣ ሳይጽፉ።

"ጉዳዩ፦ ጥፋተኛው እኔ ስለመሆኔ።"

ይህን ጻፉት። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። "ፍላሹ ቫይረስ ሳይኖርበት እንዳልቀረ" ስል እጃቸው ይቆማል። "ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?" ይላሉ። "በስህተት ተፈትሿል ብዬ" ስል ይቆማል። "በስህተት ነው ሙንዚር?" "በሐሰት ምዬ" እላለሁ፤ እጃቸው ይቀጥላል። የተሰበረውን ላፕቶፕ ታሪክ አያውቁትም ነበር። ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያውስ ቤትህም የሚፈትሽ አልነበረህም" አሉ ቀስ ብለው፤ ይህንንም ጻፉት። መስመሩ ሲያልቅ ግራ እጃቸው ብድግ አለች። ማንም አልሳቀም።

"ለምን ስሜን አልጠሩም በዚያን ቀን?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ብጠራህ ትክድ ነበር። አቶ በላቸው ደግሞ ማል ይሉህ ነበር።" ወረቀት ማተሚያው ውስጥ እያስገቡ ነው የሚናገሩት። "ሁለተኛ በሐሰት ስትምል መስማት አልፈለግኩም።"

አራት ቅጂ አተሙ። አንዱ ለሥራ አስኪያጁ፣ ሁለቱ በግልባጭ ለዋና መሥሪያ ቤትና ለሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ ለሳቸው። አራቱንም ፈረምኩ። የሳቸውንም ጨምረው ሰጡኝና "ሲፈጸም ታመጣልኛለህ" አሉ።

ሰኞ አቶ በላቸው ቢሮ ገብቼ አንዱን ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ተነስተው በሩን ዘጉ። "ስማኝ ልጅ" አሉ። "ይህ የተዘጋ ጉዳይ ነው። ዋና መሥሪያ ቤት ፋይሉን ዘግቷል፣ አዲስ ጸሐፊ ተቀጥራለች። ሴትዮዋም ብትሆን ለጡረታ ብዙ አልቀራትም። አንተ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ፤ ራስህን በከንቱ አታቃጥል። አላየሁትም፣ አንተም አልጻፍከውም።" ደብዳቤውን አጥፈው መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልናገር ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ቢሮ ስወጣ ትከሻዬ ቀለለ። እኔ ተናግሬያለሁ፣ እነሱ ናቸው ያልተቀበሉት፤ ከእንግዲህ የኔ አይደለም። ምሳዬን ከጓደኞቼ ጋር በላሁ፣ ቀለድኩም። ሦስቱ ቅጂዎች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ትዝ ሳይሉኝ ቀርተው አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ "አልቀበልም አሉ፣ እትዬ፤ እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ" አልኳቸው።

"ለማን ሰጠህ?"

"ለአቶ በላቸው፣ በእጃቸው።"

"ደብዳቤ በእጅ ይሰጣል እንዴ?" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። "አምስት ዓመት አብረኸኝ ሠርተህ! መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ማህተም ተመትቶበት ነው ደብዳቤ ደብዳቤ የሚሆነው። በእጅ የተሰጠ ወሬ ነው። ሌሎቹስ የት አሉ?"

ቦርሳዬን አየሁ። እሳቸውም ቦርሳዬን አዩ።  ሌላ ባለጉዳይ መጣና ከበርጩማዋ ተነሳሁለት።

ሰኞ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሰርካዲስ ደብዳቤውን ቆማ አነበበች። በእትዬ አባይነሽ መባረር ማግስት "ኬላዋ ራሷ ኮንትሮባንድ አሳለፈች" ብላ ካሳቁን አንዷ ነበረች፤ እኔም ከሳቁት። ፊቷ ቀላ። ማህተሙን መታች፣ ቁጥር ጻፈች፣ አንዱን ወስዳ ሰሌዳው ላይ ራሷ ለጠፈችው። ከሰዓት በኋላ ማንም አላናገረኝም። በማግስቱ ከሥራ መታገዴን ነገሩኝ። ምንይሉም ደውሎ፣ በወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ያለው አንቲቫይረስ ከአዲስ አበባ እንደተነሳ አሳወቀኝ። ማታ ከፍቼ አየሁት፤ ጥጉ ላይ ምንም የለም።

ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዤ እንደገና ጃንጥላው ሥር ሄድኩ። እትዬ አባይነሽ ፊርማዬን አላዩም። ቁጥሩን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ማህተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በላስቲክ ማህደር ውስጥ አኖሩት።

"አሁንስ አፉ ይሉኛል?"

"ባንተ ቂም የለኝም። ቢመልሱኝም ባይመልሱኝም፣ እኔ ላይ ያደረግከውን ትቼልሃለሁ" አሉ። "ግን ሙንዚር…"

ግን ምን እንደሆነ አልጨረሱትም። ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ጃንጥላው ሥር ገቡ።

"አሰላሙ አለይኩም ልጆቼ። ከቢስቲማ ነው የመጣሁ" አሉ። ከእጀ ጠባባቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ፍላሽ አወጡ። "የመሬቴ ወረቀት ነው፣ የልጅ ልጄ ከተበት። ቶሎ አትሚልኝ የኔ ሸጋ፣ ችሎቱ ሊገባ ነው።"

እትዬ አባይነሽ ፍላሹን ሰኩት። "ይቆዩ አባባ፣ ይፈተሽ።"

"ምኑ ነው የሚፈተሸው?"

"በሽታ እንዳይኖርበት ነው። ትንሽ ይቆያል።"

"ኧረ ልጄ ችሎቱ ያመልጠኛል! ልጁ አጣርቸዋለሁ ብሎኛል፣ ንጹህ ነው። ወላሂ!"

የእትዬ አባይነሽ ጣት የማቆሚያው ቁልፍ ላይ ደርሳ ነበር። አየኋት፤ ደርሳ ነበር። እዚያ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ጭናቸው ተመለሰች። እኔን አላዩኝም።

"አምንዎታለሁ አባቴ" አሉ። "ግን ይፈተሽ።"

ሽማግሌው የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ዞር ብለው እኔን አዩ፣ ራሴ ላይ ያለችውን ኮፍያ አዩ፣ ፊታቸው በራ።

"አንተ ልጅ፣ አንተስ የኛው አይደለህ? ወላሂ ብያታለሁ እኮ። ንገራት እንጂ!"

እትዬ አባይነሽ ማያ ገጹን እያዩ ነው። አፌን ከፈትኩ።

"ይቆዩ አባ" አልኳቸው፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። "ይፈተሽ።"

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። ከዘራቸውን ተደግፈው በርጩማዋ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ወላሂ ብያችሁም?" አሉ።